በይፋግ ገበያ የቆመው ሰው

ምጽዋ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፰፻፶፰ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ፊደል ላስቆጠሩኝ ለእታለም ፈንታነሽ። ጋፋት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ።

ይህ ወረቀት ጤና ሆነው ያግኝዎ። ከተሰናበትንዎ ጀምሮ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ አያ ዘውገስ እንደምን ናቸው? ከመንገድ ሥራው ጥቂት ዕረፍት አገኙ? እኔና ባለቤቴ ቀለመወርቅ፣ የፈጠረን ይመስገን፣ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር የሚያማርረን የለም።

ይህን የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው። ከቁም ጸሐፊው ደጅ የወደቀ የብራና ቁራጭ እየለቀሙ ያስተማሩኝ ፊደል እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ስሕተቱን ሲያዩ ይሳቁ፤ አልቀየምም።

ሰኔ ሲገባ ከጋፋት እንደወጣን ክረምቱን በቆራጣ ከረምን። ጥቅምት ላይ በይፋግ አድርገን ጎንደር ገባን፤ ከዚያ በወገራ በኩል እየወረድን እዚህ ደረስን። በቅርቡ በመርከብ ወደ ምስር እንሻገራለን። መጨረሻችን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ኢየሩሳሌም ነው።

ያ የጋፋት ፈረንጅ ለቀለመወርቅ ትቶለት የሄደውን የሥዕል ሣጥን እርስዎ ከደጅ ሆነው አይተውታል፤ አሠራሩን ግን አልነገርሁዎትም። ቀለመወርቅ በመስተዋት ላይ እንደ እንቁላል ሽፋን የሳሳ መድኃኒት ያፈሳል። እኔ ጥቁር ድንኳን ውስጥ ሆኜ መስተዋቱን አሰናዳለሁ፤ ከመድኃኒቱ የተነሣ ጣቶቼ እንደ ቆዳ ፋቂ ጣት ጠቁረዋል። መስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የሣጥኑ ዓይን ይከፈታል። ያን ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ አሜን ስል ይዘጋል። በዚያች ጸሎት ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ ይቀራል፤ የተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ቀለመወርቅ በመጨረሻ ቦታውንና ቀኑን በመርፌ በመስተዋቱ ጠርዝ ይጭራል። ከመስተዋቱም ወረቀት ላይ የፈለግነውን ያህል እናወርዳለን።

ቀለመወርቅ የሥዕል ቤት ልጅ ስለሆነ ደብርና ጉልላት ማንሣት ይወዳል። እኔ ግን ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ ራሱን የሚላጭ ሰው፣ እህል የሚሰፍር ነጋዴ ነው የምወደው። «ይህን ማን ብሎ ያየዋል?» ይለኛል። «የሩቅ ሰው» እለዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ለእሱ አንድ ለእኔ እያልን ተስማማን።

የይፋግን ገበያ ያነሣነው በእኔ ተራ ነው። ጥቅምት ፲፱፣ የገብርኤል ዕለት፣ ቅዳሜ ነበር። ከገበያተኛው ግን ማን ጸሎት እስኪፈጸም ይቆማል? ሁሉም ጢስ ሆነ። አንድ በበቅሎ የተቀመጠ ሹም መጣ፤ በቅሎዋ እንደ ድንጋይ ቆመች፣ እሱ ግን ወዲያ ወዲህ ሲገላመጥ ጠፋ። በሥዕሉ ላይ በቅሎዋ ጢስ ተጭና ትታያለች። ቀለመወርቅ እስካሁን ባየው ቁጥር ይስቃል። ከገበያው ሁሉ ጥርት ብሎ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሾላው ሥር ጋቢ ተከናንቦ የቆመ። ቀለመወርቅ አያ ዘውገን ይመስላል አለ፤ ግራ ትከሻው ዝቅ ስላለ። እኔ ሥዕሉን ያየሁት ከመንደሩ ከወጣን በኋላ ነው። እሳቸው ከሆኑ ሰላም ሳንል በማለፋችን ይቅር ይበሉን።

አንዱን በነጋዴው በሙላቴ እጅ ልኬልዎታለሁ። ከምድጃ አጠገብ አይስቀሉት።

ልጅዎ ትሁን

*

ጋፋት፣ የካቲት ፳፱ ቀን ፲፰፻፶፰

ይድረስ ለልጄ ለትሁን። በየደረስሽበት እመቤታችን ጥላዋን አትንፈግሽ። ለቀለመወርቅም ሰላምታዬን ንገሪው።

ደብዳቤሽንና ሥዕሉን ሙላቴ አድርሶልኛል። ስሕተትሽ ሦስት ብቻ ነው፤ አልሳቅሁም።

ወሬውን ሳትሰሚ መጻፍሽ ገብቶኛል። ዘውገ ዐርፏል። ነሐሴ ፳፩ ቀን ርብ ወሰደው። ሬሳው ከሦስት ቀን በኋላ ደለል ላይ ተጥሎ ተገኘ። ፊቱ አይለይም ነበር፤ እኔ በመታጠቂያው ለየሁት። በጊዮርጊስ ተቀበረ። መስከረም ፳፭ ቀን ተዝካሩን አወጣሁ። ጠላው ቀጠነ ብለው አምተውኛል፤ በልተው ጠጥተው ነው ያሙኝ። ዘውገ ይሠራበት የነበረው መንገድ አዛዥ ባላምባራስ እሸቴም መጥቶ መቃብሩን አይቶ፣ ከተዝካሩ ቀምሶ ሄዷል።

እንግዲህ ከሾላው ሥር ያለው ሰው እሱ አይደለም። ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው በዚህ አገር ብዙ ነው፤ ቀንበር የተሸከመ ሁሉ እንዲያ ነው። ለቀለመወርቅ ንገሪው። ሁለተኛ ይመስላል እንዳይል።

ሙላቴ ሥዕሉን ጠቅልሎ አላመጣውም። በየደረሰበት ሲያሳይ መጥቷል። «እትዬ» አለኝ እየሳቀ፣ «ከምጽዋ እስከዚህ አንድ ዋንጫ ጠላ ከኪሴ አልጠጣሁም። ይችን ወረቀት ያየ ሁሉ ይቀዳልኛል።» «ይፋግ ላይም አሳየህ?» አልሁት። «ከኬላው ላይ ግማሽ ቀን አቆዩኝ እንጂ» አለ። የሰከረ መንገደኛ ስለሆነ ብዙ አልጠየቅሁትም።

አሁን የምጠይቅሽን መልሽልኝ። ከዚያ መስተዋት ስንት ወረቀት አወረዳችሁ? ለማን ሰጣችሁ? ቀኑን መጻፍ ግድ ነው?

መስተዋቱን ስበሪው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። የሐዘንተኛ ነገር ነው ብለሽ ስበሪው። ሌሎች ሥዕሎች አሉሽ፤ ውኃ ቀጂዎቹን ያዢ፣ ይህን አንዱን ስበሪ።

ፈንታነሽ

*

ምስር፣ ግንቦት ፪ ቀን ፲፰፻፶፰

ይድረስ ለእታለም ፈንታነሽ። ያጸናዎ። ከሐዘንዎ ላይ ሐዘን አይጨመርብዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ከመንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ዳቦ ሻጯ ግብጻዊት ምንም ሳትጠይቀኝ ከጎኔ ተቀምጣ አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አነሣናት፤ ከነቅርጫቷ፣ ከነዕንባዋ። አንዴም አልተንቀሳቀሰችም።

መስተዋቱን እንደ ትእዛዝዎ ልሰብር መዶሻ አንሥቼ ነበር። ቀለመወርቅ እጄን ያዘኝ። ቀኑን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ትሁን» አለኝ፣ «ዘውገ የሞቱት ነሐሴ ነው። እኛ ያነሣናቸው ጥቅምት ነው። ያነሣነው ነፍሳቸውን ነው።» ከዚያ ሥዕሉን ዘርግቶ አሳየኝ። በገበያው የነበረው ሕያው ሰው ሁሉ ጢስ ሆኖ ጠፍቷል፤ ሙቱ ብቻ ቀርቷል። «ሕያው እንደ ጢስ ያልፋል፣ ነፍስ ግን አታልፍም» አለ። «ይህን የምትሰብሪ አንቺ ማነሽ?»

እታለም፣ መዶሻውን አስቀመጥሁ። መስተዋቱን በነጭ ሐር ጠቀለለው። አሁን የምንተኛው ለእሱ ራስጌውን ለቅቀን ነው።

አንድ ነገር አደረግን፤ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። ቀለመወርቅ ትልቅ ወረቀት አወረደና ከሥሩ በጥሩ ቁም ጽሕፈት እንዲህ ጻፈ፦ «ይህ የዘውገ ነፍስ ነው፤ በይፋግ ገበያ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን፣ ካረፈ በኋላ የታየ። ጸሎት አድርጉለት።» ለተቀበሩበት ለጊዮርጊስ ካህናት በሙላቴ ማኅበርተኞች እጅ ላክነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይደርሳል፤ ምናልባትም ይቀድማል።

እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ለእርስዎ ካልሆነ ለማን እነግራለሁ? ሥዕሉን በማጉያ መስተዋት አየሁት። በእጃቸው ዱላ ይዘዋል። በዱላው ጫፍ የጨው ከረጢት ተንጠልጥሏል። ነፍስ ጨው ምን ያደርግላታል? ለቀለመወርቅ ብነግረው ዝም በይ አለኝ።

ልጅዎ ትሁን

*

ጋፋት፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፰፻፶፰

ትሁን ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ረጅም ሰላምታ የለኝም፤ ወደ ጎንደር የሚሄደው ዲያቆን ከደጅ ቆሟል።

ከየካቲት ወዲህ መልስሽ አልመጣም። መስተዋቱን ሰብረሽው ከሆነ መልካም። ካልሰበርሽው አሁን አትስበሪው። ቀኑን ፋቂና በምትኩ ሰኔ ብለሽ ጫሪበት። ማንም ቢጠይቅሽ ቆራጣ ሳትወርዱ በፊት በይፋግ አልፋችሁ ነበር። ቀለመወርቅም እንዲሁ ይበል። ውሸት ካስተማርሁሽ ኃጢአቱ በእኔ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የባላምባራስ እሸቴ አሽከር መጣ። «የይፋግ ገበያ ያለበት ወረቀት አለሽ ይባላል» አለኝ። አቃጠልሁት አልሁት። አላቃጠልሁትም። በሽንብራው ጎታ ውስጥ ነው። ለማቃጠል አውጥቼው ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ለጊዮርጊስ ካህናት ምንም እንዳትልኪ። እንዲያ የምታደርጊ አይመስለኝም፤ እንዲያው አልሁ እንጂ።

ፈንታነሽ

*

በርብ ዳር፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፰፻፶፱፣ እሑድ

ይድረስ ለትሁን።

ይህን እያነበብሽ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ወረቀቱን የሰጠሽን ሰው በስሙ አትጥሪው። መጀመሪያ ውኃ ስጪው፤ ከዚያ ተቀምጠሽ አንብቢ። ሌላ ወረቀት ስላጣሁ የምጽፈው በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀርባ ላይ ነው።

ዘውገ አልሞተም።

በዚያ ክረምት ከጋፋት በሚወጣው ቁልቁለት ላይ የሠረገላ ገመድ ተበጠሰ። ሠረገላው ሁለት ወታደሮች ጨፈለቀ። ሽብልቁን ከመንኰራኩሩ ሥር የሚያስገባው ዘውገ ነበር፤ ገመዱን ያሰረው ሌላ ነው። ባላምባራስ እሸቴ ግን ቅርብ ያገኘውን ያዘ። «ነገ በጅራፍ ነው» አለ። ከዚያ ጅራፍ በሕይወት የተነሣ ሰው አላየንም። ዘውገ በዝናቡ ውስጥ ገመዱን ፈትቶ አመለጠ። ያመለጠ ሰው ቤቱ ይወረሳል፤ ሚስቱም እሱ እስኪገኝ ትታሰራለች። ይህን ታውቂያለሽ።

በሦስተኛው ቀን ርብ አንድ ሬሳ ጥሎ ሄደ ተባለ። ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ዘውገ እንዳልነበረ ከሩቅ አወቅሁ። ከዚያም መቀነቴን ፈትቼ ፊቴን ነጨሁ። «ጌታዬ፣ ዘውገዬ» ብዬ ወደቅሁበት። ማንም አልመከረኝም፤ አፌ ራሱ ነው ያለው። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የአንዲት እናት ልጅ ነው። በባሌ ስም ፍትሐት ተደገመለት፣ በባሌ ስም ተዝካር ተበላለት። የራሱ ሰዎች ምናልባት እስካሁን ይመጣል ብለው በር እያዩ ይሆናል። ለነፍስ አባቴ አልተናዘዝሁም። ከዚያ ወዲህ አልቆረብሁም።

ዘውገ በሐይቁ ዳር ባለ ገዳም እንጨት ለቃሚ ሆኖ ገባ። በየወሩ ለገብርኤል በሚቀርበው ቅዳሜ የገዳሙን ጨው ሊገዛ ይፋግ ይወጣል። እኔም የፈተልሁትን ልቃቂት ይዤ እወርዳለሁ። አንነጋገርም፤ ይህን የተቃጠርነው ባመለጠባት ሌሊት በጓሮ ነው። እሱ ከሾላው ሥር ይቆማል፤ እኔ ከፈታዮች መካከል ተቀምጬ አየዋለሁ። ጠግቤ እስካየው አይንቀሳቀስም። ይኸው ነበር ኑሯችን። ክፉ ነገር ካለ ልቃቂቴን ሰብስቤ እነሣለሁ፤ ያን ጊዜ ይሄዳል።

በዚያ ቅዳሜ ሣጥኑን ስታቆሙ አየሁሽ። ከሥቼ ነበርሁና፣ ማቅም ለብሼ ነበርና አላወቅሽኝም። ልነሣና ልስምሽ ቃጣኝ። ግን ብትጠሪኝ ስሜን ሰምቶ የሚዞር ይኖራል ብዬ አቀረቀርሁ። ወዲያው ባላምባራስ እሸቴ በበቅሎው ገበያው ውስጥ ገባ። ልቃቂቴን አፍሼ ተነሣሁ፤ በሁለቱ መካከል ልገባ። አንቺ ያን ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ትደግሚ ነበር። ዘውገ ግን ደንግጦ ደርቆ ቀረ። የሸሸ ሰው እንዲህ ነው፤ ካልተንቀሳቀስሁ አልታይም ይላል። ለሰው ዓይን እውነት ነው። ለእናንተ ሣጥን ግን እሱ ብቻ ታየ።

ለጊዮርጊስ የላካችሁት ሰኔ መጨረሻ ደረሰ። የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ጽሑፉን ለሕዝቡ አነበቡት። ሰዉ እልል አለ። እኔ ከሴቶች በኩል ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ። በሦስተኛው ቀን ባላምባራስ አስጠራኝ። ሥዕሉ በጉልበቱ ላይ ነበር።

«ይኼ ማነው?» አለኝ።

«ባሌ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጥቅምት ይላል። ባልሽ የሞተው መቼ ነው?»

«ነሐሴ ነው። እርስዎም ተዝካሩን በልተዋል።»

«በልቻለሁ። ጠላው ቀጭን ነበር።» አሽከሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ሙት ገበያ ይወጣል ወይ? ምን ሊገዛ?»

ስለ ጨው ከረጢቱ የጻፍሽው ገና በዋዜማው ደርሶኝ ነበርና ዓይኔ ወደዚያው ሄደብኝ። እንዳያየው ፈራሁና አፌን ከፈትሁ።

«ጌታዬ፣ በዚያ ቅዳሜ ገበያው ሙሉ ነበር። እስኪ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሕያው ያሳዩኝ።»

ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙሮ ይፈልግ ጀመር። ብዙ ቆየ። ጣቱ ከበቅሎዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ የኔ በቅሎ ናት። ግንባሯ ቦቃ፤ ይኸው። ኮርቻውም የኔ ነው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እኔ የታለሁ?»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ተቀምጬባት ነበር። በዚያ ቀን ከበቅሎዬ አልወረድሁም። እኔ የታለሁ?»

አንቺና ቀለመወርቅ የሳቃችሁበት ጢስ ነው፣ ትሁን። ያ ሰው በእጁ ጅራፍ ይዞ የስንቱን ሰው ጀርባ አይቷል፤ የራሱን መጥፋት ሲያይ ግን እንደ ሕፃን ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «አንቺ ሴት፣ ባልሽ ቂም ይዞብኛል» አለኝ። «ከታየበት ቦታ ቆሜ እለምነዋለሁ። ይቅር እስኪለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እቆማለሁ።»

ነጻ የወጣሁ ይመስልሽ ይሆናል። እኔ የባሰ ፈራሁ። ሊገድል የሚፈልግ ሰው ሲሰለቸው ይተዋል። ሊለምን የሚፈልግ አይተውም። ነፍስ ነው ብሎ የሚጠብቀውን በሥጋ ያገኘው ቀን ደግሞ፣ መታለሉን ያወቀ ቀን፣ ልመናው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ክረምቱ ገባ፤ ርብ ሞላ። እኔ ወዲህ ማዶ፣ ባላምባራስ ይፋግ ሠፍሮ፣ ዘውገ ምንም ሳያውቅ በሐይቁ ዳር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሲያባራ እንቅልፍ አጣለሁ።

ትናንት ገበያው ተከፈተ። ባላምባራስ ከሾላው ሥር፣ ዘውገ ከሚቆምበት ከዚያው ሥር፣ ያለ ጫማ ቆሞ ነበር። ዘውገ ጨው የተጫነ አህያ እየነዳ መጣ። ልቃቂቴን ሰብስቤ ተነሣሁ። አየኝ፤ ቀና ሲል እሱንም አየው። እንደ ልማዱም ደርቆ ቆመ፤ ከሾላው ዐሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም። የባላምባራስ ዓይን በገበያው ላይ ይዞር ነበር፤ የሚፈልገው የቆመ ሰው ነው።

በአጠገቡ አለፍሁ። ሳላየው «አትቁም» አልሁት። «የቆመ ይቀራል። ሂድ።» ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖን የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አህያውን ቸብ አደረገና ሄደ። በባላምባራስ ፊት ሲያልፍ ጭነቱ ኩታውን ጠረገው። ባላምባራስ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ከርብ መሻገሪያ ደረስን። ውኃው ገና ወገብ ይደርሳል፤ ገበያተኛው እንደ ወትሮው እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሻገራል። በወንዝ መካከል እጅሽን የያዘውን ሰው ምንሽ ነው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። እጁን ያዝሁ። ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ሁሉን ነገርሁት። ማዶ ስንደርስ ለቀቅሁት።

ዛሬ ወደ ኢየሩሳሌም ከሚሄዱ ተሳላሚዎች ጋር ይነሣል። ይህን ወረቀት ባደርሁበት ደጅ ሲያልፍ እሰጠዋለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ኬላው ብዙ ነው፤ ባሕሩንም እንጃ። ከደረሰ ደረሰ ብለሽ አትጻፊልኝ። ውኃው ጣፋጭ ነው በይኝ። ሌላ ነገር ተጽፎ ካየሁ እፈራለሁ።

የመስተዋቱን ነገር ለእሱ ትቼዋለሁ። እሱ ያለውን አድርጊ። በዚያ ሥዕል ላይ እኔም አለሁ። ከጎታው እያወጣሁ ስንት ጊዜ ፈለግሁ፤ ከጢሱ ሁሉ የቱ እንደሆንሁ ግን አላወቅሁም።

ፈንታነሽ

*

ኢየሩሳሌም፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፰፻፶፱

ይድረስ ለእታለም ፈንታነሽ። ይህን የሚያነብልዎ ሌላ እንደሌለ ስለማውቅ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

የዚህ አገር ውኃ ጣፋጭ ነው።

አስቀድሜ ይህን ልበል ብዬ ነው ሰላምታውን ያሳጠርሁት። ከጉድጓድ ነው የሚቀዳው፤ ቀዝቃዛ ነው። በትንሣኤ ሰሞን ከአገር ተሳላሚዎች መጥተው ነበር፤ ሁሉም ጠጡ። አንዱ እንግዳ ብዙ ጠጣ። ቀለመወርቅ ከደጅ ሲያየው ማሰሮውን ጥሎ አማተበ፤ «በስመ ሥላሴ፣ ከየት መጣህ?» አለ። እንግዳው የማሰሮውን ስብርባሪ አየና «ሌላ ማሰሮ አምጣ» አለው። «ነፍስ ውኃ አይጠማትም፣ እኔ ግን ጠምቶኛል።» ቀለመወርቅ ሦስት ቀን አፍሮ አላናገረውም። እኔ ያፈርሁት እስከ ዛሬ ነው። በጎ የሠራሁ መስሎኝ በአንገትዎ ገመድ አስገብቼ ነበር።

እንግዳው በጎልጎታ ሁለት ጧፍ አበራ። አንዱ ለማን ነው አልሁት። «ስሙን ለማላውቀው» አለ። «በኔ ስም ለተኛው።»

ከዚያ መስተዋቱን ጠየቀኝ። ሐሩን ፈታሁለት። ወደ መስኮቱ ይዞት ቆመ። ከሾላው ሥር ያለውን ሰው አንድ ጊዜ አየውና አለፈው። በጢሱ ላይ ጣቱን ቀስ እያደረገ ሄደ። ከፈታዮቹ በኩል፣ ከበቅሎዋ በስተግራ፣ እንደ ትንፋሽ የቀለለች አንዲት ጢስ አለች፤ ከታች ሰፋ ብላ ከላይ ያዘነበለች። ከእሷ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይችን አውቃታለሁ» አለ።

እንዴት ለየሃት አልሁት።

«ልቃቂቷን አፍሳ ስትነሣ እንዲህ ናት።»

ከዚያ መስተዋቱን በደረጃው ድንጋይ ላይ መታው። ስብርባሪውን ለቅመን ከአንድ ደረቅ ጉድጓድ ጣልነው፤ የቆመውም ሰው፣ በቅሎዋም፣ ቀኑም አብረው ወረዱ። አንዲት ስባሪ ብቻ አስቀረ። ጠርዟን በድንጋይ አልዝቦ፣ በቆዳ አሰፍቶ እንደ ክታብ በአንገቱ አስሯታል። ቀለመወርቅ ሊክሰው ፈልጎ «በእኔ ተራ ላንሣህ» ቢለው ሳቀበትና «አልቆምም» አለው። በማግሥቱ ከግብጻውያን ነጋዴዎች ጋር ወጣ፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በጎታው ያለውን ወረቀት አሁን ያቃጥሉት። ከማቃጠልዎ በፊት ግን ከበቅሎዋ በስተግራ ይመልከቱ። ባላምባራስ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይቆም እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ያ ሰው ቆሞ ባሰብሁት ቁጥር እዚህ ሆኜ ይበርደኛል። ይህንንም ደብዳቤ ያቃጥሉት። የሚጠይቅዎ ቢኖር ስለ ውኃ ነው የጻፈችልኝ ይበሉት።

ልጅዎ ትሁን